«አይዞሽ» አልበቃ ሲል

ሰኞ ጠዋት ነው። ልጄ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። ግራ እግሯ ጫማ አድርጓል፤ ቀኙ በካልሲ ቀርቷል። ሁለተኛውን ጫማ ጭኗ ላይ አስቀምጣ ማሰሪያውን ትፈታለች፣ መልሳ ታስራለች። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ሰዓቴን አያለሁ።

«ሆዴን አመመኝ፣ አባዬ።»

ይሄ አራተኛው ሰኞ ነበር። ቅዳሜና እሁድ ደህና የሚውለው ሆዷ ሰኞን ጠብቆ ይነሣባታል። እውነቱን ልናገርና መጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ «ትምህርት ጠልታ ነው» የሚል ነበር። ተናደድኩ። ከዚያ ፊቷን አየሁትና አንጀቴን በላችው። «እሺ፣ ዛሬ እረፊ» አልኳት። ወዲያው ትከሻዋ ረገብ አለ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ሆዷ ተሻላት።

ያኔ 14 ዓመቷ ነበር። አሁን 16 ሆኗታል። በመሀል ብዙ ተሳስቻለሁ፣ የተወሰነውንም አርሜያለሁ። ሐኪም አይደለሁም፣ አባት ነኝ። ልጁ ሰኞ ጠዋት በአንድ እግር ጫማ ለሚቀመጥበት ወላጅ የሚሆን ነገር ካለኝ ብዬ ነው የምጽፈው። ታዳጊዎችም ካነበባችሁት ደስ ይለኛል።

መጀመሪያ የሄድነው ሐኪም ዘንድ ነው። ይሄን አሁንም ትክክል ነበር እላለሁ፤ ጭንቀት የሚመስሉ ሌሎች ሕመሞች አሉና። የታይሮይድ ዕጢ ከልክ በላይ ሲሠራ ልብን ያስሮጣል፣ እጅ ያንቀጠቅጣል። የደም ማነስም ልብን ያስመታል፣ ያደክማል። ደሟ ተመረመረ፣ ሆዷ ታየ። ሐኪሙ ውጤቱን አገላብጠው «ምንም የለባትም፣ የጭንቀት ነገር ነው» አሉን። እኔ እፎይ አልኩ። ልጄ ግን ኮሪደሩ ላይ ቆም አለችና «እየዋሸሁ ነው ማለታቸው ነው?» አለችኝ።

መልስ አልነበረኝም። ዛሬ ቢሆን የምመልሰውን አውቃለሁ። አልዋሸችም። ሆዷ የምሩን ያማታል።

አማርኛ ይህን ነገር ከሐኪሞቹ ቀድሞ ያወቀው ይመስለኛል። ስንሰጋ «ሆዴን ባር ባር አለኝ» እንላለን። ጭንቅላቴን ባር ባር አለኝ ያለ ሰው ሰምቼ አላውቅም። አእምሮ «አደጋ አለ» ሲል ሰውነት ለሩጫ ይዘጋጃል። አድሬናሊን የሚባል ሆርሞን ይረጫል፣ ልብ ይፈጥናል፣ ደም ከሆድ ዕቃ ቀነስ ብሎ ወደ ትልልቆቹ ጡንቻዎች ይሄዳል። ምግብ የመፍጨቱ ሥራ ለጊዜው ይቆያል። ሆዷን ቢቆርጣት፣ ቢያቅለሸልሻት ምን ይገርማል? ዋልተር ካነን የተባሉ አሜሪካዊ ተመራማሪ ይህን የሰውነት ዝግጅት «መጋፈጥ ወይም መሸሽ» ብለው የገለጹት እ.ኤ.አ. በ1915 ነው። ከመቶ ዓመት በላይ የታወቀ ነገር ሆኖ ሳለ፣ እኔ ግን በልጄ ሆድ ስጣላ ከረምኩ።

ቀጥሎ የመጣው ባሰ። ክፍል ፊት ወጥታ ፕረዘንቴሽን የምታቀርብበት ቀን ነበር። ተራዋ ሊደርስ ሁለት ልጆች ሲቀሩ ተነሥታ ሮጠች። መጸዳጃ ቤት ገብታ ከውስጥ ቆልፋ አገኟት። ልቧ ድው ድው ይላል፣ ጣቶቿ ደንዝዘዋል፣ አየር አጥሯታል። ማታ ቤት ስንገናኝ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «አባዬ፣ የምሞት መስሎኝ ነበር» አለችኝ።

ይሄ ፓኒክ አታክ ይባላል። ድንገት ይመጣል፣ በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ጣሪያ ይነካል፣ ከዚያ በራሱ ጊዜ ይወርዳል። እጅግ ያስፈራል፤ ግን አይገድልም። እኔ ይህን አላውቅም ነበርና ያለኝን ሰጠኋት። «አይዞሽ፣ ምንም የለም፤ አታስቢበት።»

«አታስቢበት» የሚለው ምክር ምን ያህል ከንቱ እንደሆነ በራሳችሁ ሞክሩት። ዳንኤል ዌግነር የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1987 ባሳተሙት ጥናት ተማሪዎችን «ስለ ነጭ ድብ አታስቡ፤ ካሰባችሁ ደወል ምቱ» አሏቸው። ደወሉ ተደጋግሞ ተመታ። የኔም ልጅ እኔ «አታስቢበት» ባልኳት ቁጥር የምታስበው ይበዛ ነበር።

በመጨረሻ ከሥነ ልቦና ባለሙያ ጋር ቀጠሮ ያዝን። ረጅም ምክር ጠብቄ ነበር። ሴትየዋ ግን ገና በሁለተኛው ቀን «እስቲ ሦስታችንም ለግማሽ ደቂቃ ቶሎ ቶሎ እንተንፍስ፤ ሮጦ እንደመጣ ሰው» አሉ። እኔ ደግሞ ምን ቤት ነኝ አልኩ በሆዴ። ጀመርን። ሠላሳ ሰከንድ ሳይሞላ ራሴን አዞረኝ። ጣቶቼ ላይ ጉንዳን የሚሄድ መሰለኝ። ከንፈሬ ደነዘዘ። የወንበሩን ክንድ ጥርቅም አድርጌ ያዝኩ። ልጄ ዞር ብላ አየችኝ።

«አንተንም?»

ሳቀች። ሁለት ወር ሙሉ ያልሰማሁት ሳቅ ነው።

ቶሎ ቶሎ ስንተነፍስ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከደማችን ከሚገባው በላይ ይወጣል። ራስ የሚያዞረው፣ ጣት የሚደነዝዘው ለዚህ ነው። አየር ያጠረን ይመስለናል እንጂ የምናስገባው አየር ተርፎናል። መጸዳጃ ቤቱ ውስጥ ሞት የመሰላት ነገር በአባቷ ላይ በቢሮ ወንበር በሠላሳ ሰከንድ ሲደርስ አየች። ከዚያ ቀን በፊት ከነገርናት ሁሉ ይሄ በለጠ። (አስም፣ የልብ ሕመም ወይም የሚጥል በሽታ ያለበት ልጅ ይህን ያለ ሐኪም ምክር አይሞክረው። ጤነኛ ከሆነም ከባለሙያ ጋር ቢሆን ይመረጣል።)

የውሻውን ነገር ያመጡትም እሳቸው ናቸው። «ቤት የሚጠብቅ ውሻ ሌባ ሲመጣ ይጮሃል አይደል?» አሏት። አዎ አለች። «እንግዳ ሲመጣስ?» እሱም ያው ነው፣ ይጮሃል። «አሁን እንግዳው የውሻውን ጩኸት ሰምቶ ከበር ቢመለስ ውሻው ምን ይማራል?» ልጄ ትንሽ አሰበች። «አባረርኩት ብሎ ይኮራል። በሚቀጥለው የባሰ ይጮሃል።»

ጭንቀት ማለት እንግዲህ ይሄ ነው። አእምሮ ውስጥ አሚግዳላ የምትባል ትንሽ ክፍል አለች፤ ውሻው እሷ ናት እንበል። ቤት ጠባቂ ስለሆነች አትባረርም። ታዳጊ ላይ ደግሞ ውሻው ቀድሞ ጎልምሷል። «ተው፣ ይሄ እንግዳ ነው» የሚለው የፊተኛው የአንጎል ክፍል ግን እድገቱን የሚጨርሰው ሃያዎቹ አጋማሽ ላይ ነው። የ14 ዓመት ልጅ ከእኛ በላይ ብትደነግጥ ጠባይዋ ስለተበላሸ አይደለም።

ልጄ ለውሻው ስም አወጣችለት። ቡቺ።

አሁን ወደ ኔ ጥፋት ልምጣ፤ ዋናው ጉዳይ እዚህ ጋ ነው። ባለሙያዋ አንድ ቀን ብቻዬን ጠሩኝና «ልጅዎ ስትጨነቅ እርስዎ ምን ያደርጋሉ?» አሉኝ። ደስ እያለኝ ዘረዘርኩ። የሆድ ሕመም ደብዳቤ እጽፍላታለሁ። ሰው ፊት መናገር ስለሚከብዳት እኔ እናገርላታለሁ። ከአክስቷ ስልክ ሲመጣ «ተኝታለች» እላለሁ። ከትምህርት ቤት መልእክት ስትልክልኝ ወዲያው እመልሳለሁ። «በቀን ስንት ይሆናል?» አሉኝ። ስልኬን አውጥቼ ቆጠርኩ። የዚያን ቀን 23 መልእክት ተለዋውጠናል። «ደህና እሆናለሁ አይደል?» «አዎ፣ አይዞሽ።» «እርግጠኛ ነህ?» «እርግጠኛ ነኝ።» «ካመመኝስ?» «እመጣለሁ።»

ሴትየዋ አልተቆጡኝም። «እያንዳንዱ መልስዎ ለአሥር ደቂቃ ያሳርፋታል፣ ከዚያ ደግሞ ሌላ መልስ ያስፈልጋታል» ብቻ አሉኝ። ዞር ብዬ ሳስበው እንግዳውን ከበር ላይ እጁን ይዤ የምመልሰው እኔ ነበርኩ። ልጄን የረዳሁ መስሎኝ ቡቺን ነው የቀለብኩት።

ይህ የኔ ቤት ጉድ ብቻ አይደለም። በዬል ዩኒቨርሲቲ ኤሊ ሌቦዊትዝ የሚመሩት ቡድን ዕድሜያቸው ከ7 እስከ 14 የሆኑ 124 የጭንቀት ሕመም ያለባቸው ልጆችን ለሁለት ከፍሎ አጥንቷል። ግማሾቹ ልጆች ራሳቸው ከባለሙያ ጋር እየተነጋገሩ የሚሰጥ የሥነ ልቦና ሕክምና አገኙ። በሌሎቹ በኩል የሠለጠኑት ወላጆች ብቻ ናቸው፤ ልጆቹ ሕክምና ክፍሉ ውስጥ አልተቀመጡም። እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመው ውጤት ሁለቱም ወገን ተመጣጣኝ መሻሻል እንዳሳየ ይናገራል። ይህን ስሰማ አፈርኩ፣ ተስፋም አደረግሁ። እኔ ስቀየር እሷም መቀየር ትችላለች ማለት ነው።

ታዲያ ምን ልበላት? «አይዞሽ»ን ከአፌ ማውጣት ከባድ ነበር። አፍ የለመደው ቃል ነው። በምትኩ የተማርኩት ሁለት ነገር በአንድ ትንፋሽ መናገር ነው። «ከባድ እንደሆነብሽ አያለሁ፤ እንደምትችዪውም አውቃለሁ።» ፊተኛው ከሌለ ልጅ አልተሰማሁም ትላለች። ኋለኛው ከሌለ ደግሞ አባቴም ፈርቷል ትላለች። መጀመሪያ ላይ የተሸመደደ ይመስል ነበር። «ሴትየዋ ናት እንዲህ በል ያለችህ አይደል?» አለችኝ አንዴ። አዎ አልኳት። ምን ልዋሽ?

መልእክቱንም ተነጋግረን ቀነስነው። ድንገት መቁረጥ ጭካኔ ነው፤ አስቀድሜ ነገርኳት። በመጀመሪያው ሳምንት አምስት፣ በሁለተኛው ሦስት፣ ከዚያ አንድ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ባሰባት። አለቀሰች፣ «አትወደኝም» አለች። እናቷ በሌሊት «ተዋት እባክህ» አለችኝ፤ እኔም ልተዋት ነበር። ድሮም ልማዳችን ይሄ ነው። እኔ ስቆጣ እናቷ ታባብላለች፣ እሷ ስትቆጣ እኔ አባብላለሁ። ልጅ ከሁለት ወላጅ ሁለት መልስ ካገኘች የምትመርጠው የሚቀለውን ነው። ያን ሌሊት ኩሽና ውስጥ ቆመን ቢያንስ ፊቷ ላይ አንድ ቃል እንሁን ተባባልን።

ቀጥሎ መሰላሉ መጣ። ልጄ የምትፈራቸውን ነገሮች ከ0 እስከ 10 ነጥብ እየሰጠች ጻፈች። አስተማሪን አንድ ጥያቄ መጠየቅ 4። አንድ አንቀጽ ጮክ ብሎ ማንበብ 6። ክፍል ፊት ቆሞ ፕረዘንቴሽን ማቅረብ 10፣ በቀይ እስክሪብቶ። መነሻው ከታች ነው። ሕጉ ደግሞ ፍርሃቱ ጣሪያ በነካበት ሰዓት አለመሸሽ ነው። ከሸሸሽ ቡቺ አሸነፈ። ትንሽ ከቆየሽ ልብሽ ራሱ ይደክመዋል።

ለዚህ የያዘችው ደብተር አሁንም አለ። ገጹ በመስመር ለሁለት ተከፍሏል። በግራ «ግምት»፣ በቀኝ «የሆነው»። አንዱን በፈቃዷ ላካፍላችሁ። በግራ በኩል «ድምፄ ይንቀጠቀጣል፣ ሁሉም ይስቁብኛል» ይላል። በቀኝ በኩል «ድምፄ ተንቀጠቀጠ። አንድ ልጅ ሳቀ። ስልኩን እያየ ነበር» ይላል። ድምፅዋ መንቀጥቀጡን ልብ በሉ። የፈራችው ነገር ግማሹ ደርሷል፤ ደርሶም ምንም አልሆነችም። ይህን ማየት «ምንም አይፈጠርም» ከሚል የኔ ተስፋ ይበልጣል፤ ምክንያቱም አንዳንዴ የምር ይፈጠራል።

እዚህም ላይ አንድ አበላሸሁ። ሦስት ሳምንት ጥሩ ስትሄድ ቸኮልኩ። «አሁንማ ጎብዘሻል» ብዬ ከ5 ወደ 9 አዘለልኳት፤ ዘመድ አዝማድ በተሰበሰበበት እንድትናገር ገፋሁ። አፏ ተያዘ፣ ወጣች፣ መኪና ውስጥ አለቀሰች። ሁለት ሳምንት ወደ ኋላ ተመለስን። መሰላሉ የልጅቷ ነው፤ የሚቀጥለውን እርከን የምትመርጠው እሷ ናት። የወላጅ ሥራ አጠገቧ መቆም ነው። ለኔ ከሁሉ የከበደኝ ይሄ ነው፤ ቶሎ አልቆ ማየት እፈልጋለሁ። እሷን ሳክም የራሴን ጭንቀት ነው ያገኘሁት ብል አልዋሸሁም።

ስለ አተነፋፈስ ብዙ ይባላል። እኛም ተምረነዋል። በአፍንጫ እስከ አራት እየቆጠሩ ማስገባት፣ እስከ ስድስት እየቆጠሩ ማስወጣት። ስናስወጣ የልብ ምት ረገብ ይላል፣ ስለዚህ ማስወጫው ይረዝማል። ይሠራል። ግን ልጄ ከጊዜ በኋላ እንደ ክታብ ያዘችው፤ «ካልተነፈስኩ ይመጣብኛል» ማለት ጀመረች። ባለሙያዋ ያረሟት ወዲያው ነው። ትንፋሹ ፍርሃቱን ለማባረር ሳይሆን ከፍርሃቱ ጋር እዚያው ለመቆየት ነው።

እንቅልፍ፣ ቡና፣ ስልክ። እነዚህን በአጭሩ ልለፍ። ከ13 እስከ 18 ዓመት ያለ ልጅ በቀን ከ8 እስከ 10 ሰዓት መተኛት አለበት። የኔዋ ስድስት ትተኛ ነበር። ለፈተና ስታጠና የምትጠጣው ኢነርጂ ድሪንክ ውስጥ ያለው ካፌይን ልብ ያስመታል፤ ለሚፈራ ሰው የልብ ምት መጨመር ራሱ ማስፈራሪያ ነው። ስልኩ ሌሊት ከመኝታ ክፍል ወጣ። የኔም ወጣ። ያለዚያ አትሰማኝም ነበር።

«እኔ ብቻ ነኝ እብድ» ትል ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት ዕድሜያቸው ከ10 እስከ 19 ከሆኑ 7 ልጆች አንዱ የአእምሮ ጤና ችግር እንዳለበት ይገልጻል፤ ጭንቀት ከተለመዱት አንዱ ነው። ክፍሏ ውስጥ 35 ተማሪ ነበር። አካፈለችው። «አምስት?» አለች። ማን ማን እንደሆነ ለመገመት ሞከረች፣ ተወችው። «ደህና ያስመስላሉ ማለት ነው» አለች። እንዳንቺ አልኳት።

የከበደውን ጥያቄ የጠየቅኳት በእግር ስንሄድ ነው። ታዳጊን ፊት ለፊት አስቀምጦ መጠየቅ ፖሊስ ጣቢያ ያስመስላል። ጎን ለጎን ሲሄዱ ግን ዓይን ለዓይን መተያየት የለም፣ ወሬው ይወጣል። «ሲከብድሽ ባልኖርኩ ብለሽ አስበሽ ታውቂያለሽ?» አልኳት። አፌ ደርቆ ነበር። መጠየቅ ሐሳቡን አይተክልም፤ ይህን አስቀድሜ ባላውቅ ኖሮ አልጠይቃትም ነበር። ጥቂት ዝም ብላ ሄደች። «መሞት አይደለም የምፈልገው። ይሄ ነገር እንዲቆም ነው» አለች። ለባለሙያዋ አብረን ነገርናቸው። ልጃችሁ «አዎ» ካለ ወይም ራሱን ከጎዳ ብቻውን አትተዉት። መድኃኒትና ስለት ከአጠገቡ አርቁ፣ በዚያው ቀን ወደ ሕክምና ውሰዱት።

ከዚህ ባነሰም ቢሆን ጭንቀቱ ትምህርቱን፣ እንቅልፉን፣ ጓደኞቹን መብላት ከጀመረ ባለሙያ ዘንድ መሄድ ነው። ልጄ መድኃኒት አላስፈለጋትም፤ የቅርብ ዘመዳችን ልጅ ግን አስፈልጎት ወስዷል፣ ረድቶታልም። የሚያዘው ሐኪም ነው፤ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ልጁን በቅርብ መከታተል ያስፈልጋል። የሚያሳፍር ነገር የለውም።

ልጄ አልተፈወሰችም፤ ያ ቃልም አይመቸኝም። ሰኞ ጠዋት አንዳንዴ ሆዷን ዛሬም ይቆርጣታል። ጫማዋን ግን ሁለቱንም ታደርጋለች። ያ በቀይ የተጻፈው 10 ላይ የደረሰችው ከዘጠኝ ወር በኋላ ነው፤ እኔ አልነበርኩም፣ እሷም ብዙ አልነገረችኝም። ደብተሯ ላይ በቀኝ በኩል «አለቀ» ብቻ ብላ ጽፋለች።

ባለፈው ሳምንት ቃለ መጠይቅ ነበራት፤ ለክረምት የበጎ ፈቃድ ሥራ። ተራዋን እየጠበቀች ሳለ መልእክት ላከችልኝ።

«ቡቺ እየጮኸ ነው።»

«አይዞሽ» ብዬ ጻፍኩ። አጠፋሁት። «ይጩህ» ብዬ ላክሁ።

ለአርባ ደቂቃ ስልኬ ዝም አለ። እኔ ሥራ ላይ ነኝ፣ ግን ሥራ አልሠራሁም። በመጨረሻ መልእክት ገባ።

«ቻርጀሬን ቤት ረስቻለሁ፣ ስትመጣ ያዝልኝ።»